የቡና ለቀማ፣ የሕፃናት ጉልበትና ተገቢ ክፍያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥቅምት ገብቶ በሲዳማና በጌዴኦ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። ለቀማው እንደየአካባቢው ከፍታ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል። ልጅ በቡና ምክንያት ከክፍሉ የሚቀርበት ወቅት ቤተሰቡ የዓመት ገቢውን የሚያገኝበት ወቅት በመሆኑ፣ የሕፃናት ጉልበት ጥያቄና የተገቢ ክፍያ ጥያቄ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም ብዬ አምናለሁ። በሁለቱም ዙሪያ ደጋግመው የሚነገሩና ነገሩን የሚያዛቡ አመለካከቶች ግን ብዙ ናቸው።

«የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ያለው በትልልቅ እርሻዎች ላይ ነው»

የኢትዮጵያ ቡና እጅግ የሚበዛው የሚመረተው በአነስተኛ ገበሬዎች ማሳና ጓሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል 43 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ እንደነበሩ ተመዝግቧል። አብዛኞቹ የሚሠሩት በግብርና፣ ያውም ያለ ክፍያ በራሳቸው ቤተሰብ ዘንድ ነው።

ምክንያቱ ከቡናው ጠባይ ይጀምራል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ አንዱ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ ይለቀማል፤ የተለቀመው እሸት ደግሞ በዚያው ቀን ከመፈልፈያው ጣቢያ ካልደረሰ በጆንያው ውስጥ እንዳለ መብላላት ይጀምርና ዋጋው ይወድቃል። አባት ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ይዞ ሲለቅም፣ ልጅ ቁመቱ የሚደርስበትን ከታች ይለቅማል፣ የረገፈውንም ከመሬት ያነሣል። ይህ ቤተሰብ ቀጣሪ የለውም፤ የሚያጣድፈው ፍሬው ራሱ ነው፤ በቀን ሠራተኛ ፋንታ ልጁን የሚያሰማራውም ለሠራተኛ የሚከፍለው ስለሌለው ነው።

በትልልቆቹ እርሻዎችም ቢሆን ችግሩ ሁልጊዜ በግልጽ አይታይም። ክፍያው በተለቀመው ኪሎ ልክ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ፣ እናት ስሟን አስመዝግባ ልጆቿ ቅርጫቷን ሊሞሉላት ይችላሉ፤ መዝገቡን ብቻ አገላብጦ የሚመለስ ተቆጣጣሪ አንድም ልጅ አያገኝም።

«ልጅ ወላጁን ማገዙ ባህላችን ነው፤ ብዝበዛ ሊባል አይችልም»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስለያዘ ነው ለማረም የሚያስቸግረው። ከትምህርት ቤት መልስ ለአንድ ሰዓት ያህል በማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጥ የ13 ዓመት ልጅ ተበዝብዟል የሚል ሰው የገጠሩን ኑሮ አያውቅም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 እንኳን ጤናንና ትምህርትን የማይጎዳ ቀላል ሥራን ይፈቅዳል። ነገር ግን የ11 ዓመት ልጅ ለሦስት ሳምንት ከክፍሉ ቀርቶ፣ እሸት የሞላ ጆንያ በጀርባው አዝሎ ዳገት ሲወጣ፣ ባህል የሚለው ቃል ሊሸፍነው አይችልም። መለያው የሥራው ሰዓት፣ የሸክሙ ክብደት፣ የመሣሪያውና የኬሚካሉ አደጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ በዚያ ሰዓት የት መሆን ይገባው እንደነበር ነው።

እዚህ ላይ የሕጉን ክፍተት ማወቅ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራና በሌሊት እንዳይሰማራ ደንግጓል። ይሁንና አዋጁ የሚገዛው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። በአባቱ ማሳ የሚለቅም ልጅ አሠሪ የለውም፤ ስለዚህ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ወደ እሱ የሚደርስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደህንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠሩ መገደድ እንደሌለባቸው የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን የአባቱን ማሳ ከሌላው ለይቶ አይተውም።

«የዓለም የቡና ዋጋ ከጨመረ ልጆች ወደ ትምህርት ገበታቸው ይመለሳሉ»

ለማመን የሚቀለው ይህ ነው፤ የተሳሳተ የሚሆነው ግን ባልተጠበቀ መንገድ ነው። በብራዚል የቡና አምራች አካባቢዎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ዋጋ ድንገት ሲንር በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ የሚሠሩ ልጆች ቁጥር ጨምሯል፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም ቀንሰዋል። ቡና ሲወደድ የአንድ ቀን ለቀማ ዋጋም አብሮ ይወደዳል፤ ጎረቤት ሁሉ በየማሳው ስለሚሰማራ በገንዘብም ቢሆን ሰው አይገኝም፤ የልጁ ጉልበት ከቀድሞው ይበልጥ ይፈለጋል።

ዋጋ ሲወድቅም ዕረፍት የለም። ሀገራት በኮታ የተስማሙበት ዓለም አቀፍ የቡና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ፣ በ2001 የአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት) ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አልፏል። ገበሬውን ከዋጋው ከፍታ ይልቅ የሚጠቅመው ሊተማመንበት የሚችል ዋጋና ክፍያው የሚደርሰው በየትኛው ወር እንደሆነ ይመስለኛል። የቤቱ እህል ባለቀበት ክረምት፣ ቡናው ገና ሳይቀላ ከነጋዴ ብድር የወሰደ ሰው፣ በኅዳር ዋጋው ቢጨምርም የሚሸጠው ቀድሞ በተስማማበት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር የትርፍ ክፍፍል ለመስከረም ምዝገባ ቢደርስ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል።

«የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም ያለበት ቡና ለቃሚውም በአግባቡ እንደተከፈለ ያረጋግጣል»

ማኅተሙ የፍትሐዊ ንግድ (ፌርትሬድ) ድርጅት ለገበሬዎች ማኅበራት ዝቅተኛ ዋጋ ለተከፈለበት ቡና የሚሰጠው ምልክት ነው። ጠቃሚ ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ለታጠበ አረቢካ የተወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1.80 ዶላር ሲሆን፣ በላዩ 20 ሳንቲም ለማኅበሩ የጋራ ልማት ይታሰባል። ይህ ቡናው መርከብ ላይ ሲጫን የሚታሰብ ዋጋ እንጂ በገበሬው መዳፍ የሚገባ አይደለም። በኪሎ ሲሰላ 4 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ (ተፈልፍሎ የደረቀ) ቡና ለማግኘት ደግሞ 6 ኪሎ ያህል እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ምንም ሳይቀነስ እንኳ ለአንድ ኪሎ እሸት የሚደርሰው 66 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። የመፈልፈያው፣ የጆንያው፣ እስከ ጅቡቲ ድረስ ያለው የጭነት ወጪ ሁሉ ከዚያ ላይ ይነሣል።

ከማኅበሩ አባል ማሳ ላይ በቀን ተከፍሎት የሚለቅመው ሰው ደግሞ አባል ስላልሆነ በዚያ 20 ሳንቲም ላይ ድምፅ የለውም። በለንደን የሚገኘው የሶአስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በኡጋንዳ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ዘገባ፣ ማኅተሙ ባለባቸው አካባቢዎች የቅጥር ሠራተኞች ክፍያ ከሌሎቹ እንደማይሻል፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደሚያንስ ጽፈዋል፤ የፍትሐዊ ንግድ ድርጅቱ የጥናቱን ስልት ተቃውሟል።

«እንዲህ ከሆነ ቡናውን አለመግዛት ይሻላል»

በውጭ ሀገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን በቅን ልቦና የሚነሣ ሐሳብ ነው። ገዢ ሲሸሽ ግን መጀመሪያ የሚጎድለው የገበሬው ገቢ ነው። ለሻጩ «ከየትኛው ማኅበር ገዛችሁት፣ የእሸቱን ኪሎ በስንት?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ከማቋረጥ ይበልጣል።

«ክፍያው ቢያንስም በሕግ ከተወሰነ ወለል አይወርድም»

በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር አስፍሯል፤ ወለሉ ግን በቁጥር አልተቀመጠም። ይህ ክፍተት በይበልጥ የሚያርፈው ቡናው ከመላኩ በፊት በየመጋዘኑ በሚለቅሙት ሴቶች ላይ ነው። ጥቁሩን፣ የተሰባበረውንና በተባይ የተበሳውን ፍሬ ከጥሩው እየለዩ፣ አቧራው መካከል ጎንበስ ብለው ይውላሉ። ሒሳቡ በለቀሙት ጆንያ በሚሆንበት መጋዘን፣ ዕጣ ሆኖ ጉድለት የበዛበት ቡና የደረሳት ሴት በዕጥፍ ሰዓት ለቅማ ንጹሑ ከደረሳት ጓደኛዋ እኩል ይከፈላታል።