የመቅኔ ሴል ቆጠራ ምንድን ነው? ስቴም ሴል መቁጠር አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ለታካሚው በኪሎ 200 ሚሊዮን ስቴም ሴል ተሰጠው» ብሎ ጻፈ። አይደለም! ስቴም ሴል ማለት ራሱን እየተካ ሌሎቹን የደም ሴሎች ሁሉ የሚያፈራ እናት ሴል ነው። መቅኔ ሲለገስ የሚፈለገው ይህ ቁጥር ግን የኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ባለቤት የሆኑ ሴሎች ሁሉ ድምር ነው። አብዛኞቹ ገና በማደግ ላይ ያሉ የደም ሴሎች ናቸው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ናሙናው ከአሴቲክ አሲድ ጋር ይቀላቀላል፤ የበሰሉት ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ። የቀረው በመቁጠሪያ መስታወት ላይ ይደረግና የአራቱ ማዕዘን ካሬዎች አማካይ በ10,000 እና በተበረዘበት መጠን ይባዛል። በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው ይህ ነው። ግን ማይክሮስኮፑ ስቴም ሴሉን ከትንሽ ሊምፎሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) አይለይልህም።

ጆንያ ሙሉ እህል አስብ። ፍሬው ስንት እንደሆነ መቁጠር ትችላለህ። የትኛው እንደሚበቅል ግን ሳትዘራ አታውቅም። ተመራማሪዎቹ ቲል እና ማኩሎክ በ1961 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ላይ የመቅኔ ሴሎችን ዘሩ፤ መቅኔያቸው በጨረር በጠፋ አይጦች ውስጥ። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ በአይጦቹ ጣፊያ ላይ ጉብታዎች ወጡ፤ በግምት ከ10,000 ሴል አንድ። የበቀለ ሁሉ ግን አያፈራም። ብዙዎቹ ጉብታዎች ዕድሜያቸው አጭር ከሆነ ሴሎች እንደመጡ በኋላ ታወቀ። ስለዚህ እውነተኛውን ስቴም ሴል ለመለየት ወራት ይጠበቃል፤ ከዚያም መቅኔው ወደ ሌላ አይጥ ይዛወራል።

የስቴም ሴሉ ብዛት ግምትስ እንዴት ይወጣል? እህሉን (ሴሎቹን) በብዙ መደቦች (አይጦች) ላይ መጠኑን እየቀነስክ ዝራ። 37 በመቶው መደብ ባዶ የቀረበት መጠን ላይ በአማካይ ለአንድ መደብ አንድ ጥሩ ዘር ደርሷል ማለት ነው። ለምን 37? ዘሩ የሚወድቀው በዘፈቀደ ስለሆነ አንዱ መደብ ሁለት ሲያገኝ ሌላው ምንም አያገኝም። ውጤቱ ግምት ነው፤ የስህተት ወሰኑ አብሮት ካልተጻፈ አትመነው።

«ሲዲ 34 (በሴሉ ገጽ ላይ ያለ መለያ ፕሮቲን) ይቆጠራል እኮ» ትለኝ ይሆናል። ይቆጠራል፣ ለሕክምናም በጣም ይጠቅማል። ነገር ግን ሲዲ 34 ካላቸው ሴሎችም አብዛኞቹ እውነተኛ ስቴም ሴሎች አይደሉም። በአዋቂ አይጥ ደግሞ ዋናዎቹ ስቴም ሴሎች ይህ ምልክት የላቸውም ወይም በጣም ትንሽ ነው። የሰውን መለኪያ ለአይጥ የሚጠቀም ሰው የሚፈልገውን ራሱን ይጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአንድ ቦታ ብዙ መቅኔ ሲሳብ ደም አብሮ ይገባል። የደሙ ነጭ ሴሎችም ኒውክለስ ስላላቸው ይቆጠራሉ። ድምሩ ይጨምራል፤ ስቴም ሴሉ ግን ያን ያህል አይጨምርም። ልምድ ያለው ሐኪም መርፌውን ቶሎ ቶሎ ቦታ እየቀየረ በየጊዜው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ የሚስበው ለዚህ ነው።