የጥርስ ጅማት ምንድን ነው? ብሬስስ በእሱ ላይ ምን ያደርጋል?

ብሬስ (ጥርስ ለማስተካከል የሚታሰር ሽቦ) ያሰረ ሰው ጥርሱ ነቅነቅ ሲልበት ይደነግጣል። "ሊወልቅ ነው እንዴ?" ይላል። ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን በሕክምናው ወቅት ትንሽ መነቃነቅ የሚጠበቅ ነገር ነው። ምክንያቱ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ያልሰማው የጥርስ ጅማት ነው። ሐኪሞች ፔሪዮዶንታል ሊጋመንት ይሉታል።

ጥርስ እንደ ሚስማር አጥንት ውስጥ በቀጥታ አልተሰካም። በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል 0.2 ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ክፍተት አለች። ጅማቱ ያለው እዚያች ውስጥ ነው። ክሮቹ በአንድ ጫፋቸው የጥርሱን ሥር፣ በሌላው አጥንቱን ይዘዋል። በመካከላቸው የደም ሥሮች፣ ነርቮችና ብዙ ሴሎች አሉ። ስናኝክ ጫናውን የሚያለዝብልን ጅማቱ ነው። ጠጠር ስንነክስ ክው የሚያደርገንም እሱ ነው።

ብሬስ ጥርስን ሲገፋ ጅማቱ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች አጥንቱን ይበሉታል። በተወጠረው በኩል ደግሞ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ፊቱ ይከፈትለታል፣ ኋላው ይሞላለታል። ጥርሱ አጥንት ሰንጥቆ አያልፍም ማለት ነው። ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴድት ይህን በውሾች ላይ መርምሮ ያገኘው ውጤት መታተም የጀመረው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገሩ ሁሉ በጅማቱ በኩል እንደሚያልፍ ማየት ከፈለጋችሁ ኢምፕላንትን፣ ማለትም በወለቀ ጥርስ ፈንታ አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ሰው ሠራሽ ሥር፣ ተመልከቱ። ኢምፕላንት ጅማት የለውም፤ በቀጥታ ከአጥንት ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ በብሬስ አይንቀሳቀስም።

"ጠበቅ አድርጉልኝ፣ ቶሎ ልገላገል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ኃይሉ ሲበዛ የተጨመቀው ጅማት የደም ሥሮች ይዘጋሉ። እዚያ ያሉት ሴሎች ይሞታሉ። አጥንቱን የሚበላው ሴል ከዚያ ስለጠፋ ከአጥንቱ ጀርባ ዞሮ መምጣት አለበት። ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል፣ ሕመሙም ይብሳል። የጥርሱ ሥር ራሱ ተበልቶ የማጠር ዕድሉም ይጨምራል። ለስለስ ባለ ኃይል ግን ጥርስ በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ጅማቱ በጤና የሚችለው ግን ይህንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ድዱ ነው። ብሬስ ቆሻሻ የሚይዝበት ጥጋጥግ ብዙ ነው። ድድ ቢያብጥና ቢደማ፣ ያ የድድ መቆጣት ወደ ውስጥ ዘልቆ ጅማቱንና አጥንቱን ካገኘ፣ በላዩ ላይ የብሬሱ ግፊት ሲጨመር አጥንቱ ይጠፋል። እንዲህ የጠፋ አጥንት ደግሞ በራሱ አይመለስም። የድድ ሕመም የነበረበት ትልቅ ሰውም ብሬስ ማሰር ይችላል፤ ግን ድዱ አስቀድሞ ታክሞ መረጋጋት አለበት። በሕክምናው መሃል ድዱ መድማት ካላቆመ፣ መግል ካየ ወይም የአንዱ ጥርስ መነቃነቅ ከሌሎቹ ከበለጠበት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ሐኪሙ ጋ ይሂድ።

ብሬሱ ሲወልቅስ? ጅማቱ ክሮቹን መልሶ ለማደራጀት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። በድዱ ውስጥ ያሉት ተለጣጭ ክሮች ግን ዓመት እንኳ ሊሞላቸው ይችላል፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይስቡታል። ሪቴነር፣ ማለትም ከብሬስ በኋላ ጥርስን ባለበት የሚይዘው መሣሪያ፣ የሚደረገው ለዚህ ነው።