ማንዴላ ከሮበን ደሴት ተፈትተው አልወጡም

ከአገር ቤት ኬፕ ታውን የሚመጣ ዘመድ፣ የዘመድ ዘመድም ጭምር፣ ሮበን ደሴትን ሳያይ አይመለስም። ይዞ የሚሄደው ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው ጊዜ ገና ከጀልባው እንደወረድን አጎቴ ስልካቸውን አቀበሉኝና «ማንዴላ ከባለቤታቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የወጡበት በር የቱ ነው? እዚያ አንሳኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ በሩ እዚህ የለም» ብላቸው ተቆጡ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ መቁጠር ትቻለሁ።

«27 ዓመት ሮበን ደሴት ታሰሩ» ሲባል ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቦታው ነው ስህተቱ። ማንዴላ የተያዙት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1962 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 ደሴቱ ላይ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ተመለሱ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው የገቡት ግን ሰኔ 1964 ነው። እስከ መጋቢት 1982 ድረስ፣ 18 ዓመት ገደማ እዚያ ኖሩ። ከዚያ ኬፕ ታውን ዳርቻ ወዳለው ፖልስሙር እስር ቤት ተዛወሩ፤ በ1988 መጨረሻ ደግሞ ፓርል ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ቪክተር ቨርስተር። የካቲት 11 ቀን 1990 በእግራቸው የወጡት ከዚህኛው ነው።

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» የሚሉኝ አሉ። ብዙ አለው! በደሴቱ ዘመን ባለቤታቸውን የሚያዩት በመስታወት ተከልለው ነበር፤ እጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት በ1984 ፖልስሙር ውስጥ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው። ከመንግሥት ሰዎች ጋር ንግግር የተጀመረውም በፖልስሙር ዘመን ነው። በቪክተር ቨርስተር ያኖሯቸው መዋኛ ገንዳ ባለው የእስር ቤት ሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው። እነዚህን ዓመታት የዘለለ ሰው ማንዴላ ከደሴቱ የኖራ ድንጋይ ካባ፣ እስረኞች ድንጋይ ከሚፈልጡበት ቦታ፣ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ነጻነት የተራመዱ ይመስለዋል።

«ያሰራቸው የኮልፌው ሥልጠና ነው» የሚለው የእኛው የአገር ልጆች ኩራት ነው። አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸው እውነት ነው፤ የተያዙትም ከዚያ ጉዞ በተመለሱ ሰሞን ነው። በ1962 አምስት ዓመት ያስፈረደባቸው ክስ ግን ያለ ፓስፖርት ከአገር መውጣትና ሠራተኞችን ለአድማ ማነሳሳት ነበር።

ደሴቱን እስር ቤት ያደረገው አፓርታይድ አይደለም፤ ደች ሰፋሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረውታል። ከ1846 እስከ 1931 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይጋዙበት ነበር።

በአፓርታይድ ዘመን ነጭ የፖለቲካ እስረኛም አልነበረበትም። ከማንዴላ ጋር አብሮ የተፈረደበት ዴኒስ ጎልድበርግ ነጭ በመሆኑ ፕሪቶሪያ ታሰረ። ደሴቱ ላይ በነበሩት መካከልም ልዩነት ነበር፦ የሕንድ ተወላጁ አሕመድ ካትራዳ ሲገቡ ረጅም ሱሪ ተሰጣቸው፣ ለማንዴላና ለሌሎቹ ጥቁሮች ቁምጣ። የምግብ ዝርዝሩን ለጎብኚ ያሳያሉ። በማርማላታው መስመር ለሕንዶችና ለክልሶች መጠኑ ተጽፏል፤ ለጥቁሮች የለም። አጎቴ እዚህ ጋ ዝም አሉ።

አውቶቡሱ የፀረ አፓርታይድ ድርጅት (ፒኤሲ) መሪ በነበረው በሮበርት ሶቡኩዌ ቤት በኩል ሲያልፍ እባካችሁ ስልካችሁን አስቀምጡ። የሦስት ዓመት ፍርዱን በ1963 የጨረሰ ሰው ነው፤ እንዳይፈታ ሕግ ወጣለትና ከሌሎች እስረኞች ተነጥሎ እስከ 1969 እዚያች ቤት ብቻውን ኖረ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ። ነፋስ ከበረታ ጀልባው ይቀራልና የጉዟችሁ የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት። በበጋም ቢሆን ጃኬት ያዙ። እስር ቤቱን ብዙውን ጊዜ የሚያስጎበኙት ራሳቸው ታስረውበት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ማንዴላ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸውም ጠይቋቸው።

በሩን ካላየሁ ያለ ደግሞ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወደ ፓርል ይንዳ። እስር ቤቱ ዛሬ ድራከንስታይን ይባላል፣ አሁንም ይሠራል፤ ደጃፉ ላይ እጃቸውን ጨብጠው ያነሡ የማንዴላ ሐውልት ቆሟል። አጎቴን በማግስቱ ወሰድኳቸው። ፎቶውን ካነሣኋቸው በኋላ «ትናንት ለምን እዚህ አላመጣኸኝም?» ብለው እንደገና ተቆጡ።