«በሬ ካራጁ ይውላል»፦ ተረቱ የበሬው ነው ወይስ የአራጁ?

በቅርቡ ኮምቦልቻ ውስጥ የቅርጫ በሬ የታረደበት ግቢ ነበርኩ። መደቡ ተደልድሎ ዕጣ ሳይወጣ፣ የእኅቴ ልጅ ሥጋ መብላት እንደተወ ተናገረ። ገና ተማሪ ነው። አፍ የሌለውን ፍጡር ማሠቃየት በየትም አገር፣ በየትም ዘመን ጥፋት ነው አለ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው «ደግና ክፉ እንደየአገሩ ነው፣ ልጄ! በሬው እንደሆነ ካራጁ ይውላል፤ ያሳረደው ሞኝነቱ ነው» አሉና ግቢውን አሳቁበት። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ተረቱ ያለቦታው መዋሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንገበግበኛል።

የተለመደውን ፍቺ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጠላቱን ወዳጅ ያደረገ የዋህ ይዘለፍበታል። ይህ ፍቺ ከከተማ የመጣ ይመስለኛል። በሬን ከሥጋ ቤት መንጠቆ ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሞኝ ቢለው አይገርምም። ተረቱን የተረተው ግን ገበሬ መሆን አለበት፤ ገበሬ ደግሞ በሬውን ሞኝ አይልም። በየትኛው ጎን መጠመድ እንደሚወድ፣ ከትልሙ ጫፍ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው እንደሚዞር፣ የጌታውን ድምፅ ከሌላው ለይቶ እንደሚሰማ ያውቃል።

ያደግኩት ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኘው ኩታበር ነው። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረበት ቦራ እንለዋለን። በአንድ በሬ አይታረስምና ከሙስሊሙ ጎረቤታችን በሬ ከዳልቻ ጋር በመቀናጆ ይጠመድ ነበር፤ አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለእነርሱ። ቦራ አርጅቶ ጥርሱ ሲያልቅ ለገና እንዲታረድ ተወሰነ። የዚያን ዕለት አባቴ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ አተላ በጨው አቀረበለት፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቀንበር የተኛበትን ጫንቃውን ሲያሽለት ቆየ። ራሱ አላረደም፤ ከማዶ ሰው አስጠራ። ሰውየው ቢላዋውን ከጓሮ ስሎ ጋቢው ሥር ደብቆ መጣ። እኛ ልጆች ደግሞ ዳልቻን ይዘን ወደ ወንዝ እንድንወርድ ታዘዝን፤ እንዳያይ። ሲመሽ ግን ዳልቻ ደም የፈሰሰበትን አፈር በሰኮናው እየጫረ ሲያገሳ ሰማነው። ጎረቤታችን መጥተው እስኪወስዱት ድረስ አባቴ ከደጃፉ አልተነሣም።

ስለዚህ ተረቱን ስሰማ ጆሮዬ የሚያርፈው «በሬ» ላይ ሳይሆን «ይውላል» ላይ ነው። ውሎና ውለታ ከአንድ ግስ የተወለዱ ናቸው፤ ውለታ የሚባለውም አንዱ ለሌላው የዋለው ነገር ነው። እኔ እንደማምነው ተረቱ ሲጀመር «በሬ ለሚያርደው ሰው ሲውልለት ይኖራል» ለማለት ነበር። ሲያርስለት፣ ሲያበራይለት፣ ልጆቹን ሲያበላለት። ዘዳግም 25፥4 በሬው እህል ሲያበራይ አፉ እንዳይታሰር የሚያዝዘውም ደመወዙን አትከልክሉት ለማለት ነው፤ አባቴም አውድማ ላይ ቦራን ጭድ ሲግጥ አይቶ አያባርረውም ነበር። ደግሞም «ካራጁ» ስንል «ካራ» የሚለው ቃል በውስጡ ይሰማል። ቢላዋው ቃሉ ውስጥ እንኳን ተደብቋል! የጥንት ሰው ይህን ሳያውቅ የገጠመው አይመስለኝም። ተረቱ እንዲህ ሲነበብ ወቀሳው ወደ በሬው ሳይሆን ካራውን ወደያዘው ሰው ይሄዳል።

የእንግሊዙ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ስለ እንስሳት ሲጽፍ፣ ጥያቄው ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው ብሏል። የእኅቴ ልጅ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ተረት ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፦ ምን ውሎልሃል? ለእኔ ይህኛው ይከብዳል፤ ሥቃዩን በስለታም ቢላዋ ማሳጠር ይቻላል፣ ውለታውን ግን በምን ይከፍሉታል?

«ደግና ክፉ እንደየአገሩ ነው» ለሚሉት ሰውዬ ደግሞ መልሱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። በእርድ የወሎን ያህል የተለያየ ጎረቤት ከየት ይመጣል? አንዱ «በስመ አብ» ብሎ፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስም፤ ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። ቢላዋው ግን በሁለቱም ግቢ ይደበቃል። ነቢዩ ሙሐመድ ስታርዱ አስተራረዳችሁን አሳምሩ፣ ቢላዋችሁን ሳሉ፣ የምታርዱትን አሳርፉት ብለዋል። ምሳሌ 12፥10 ደግሞ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል። አንዱ ከሌላው ቀድቶ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ታዲያ በእርድ ነገር ሌላውን ሁሉ ለየብቻ ይዘው ሲኖሩ፣ ይህን አንዱን ብቻ ምን አቀዳዳቸው? ሁለቱም እዚያው የደረሱት እዚያ የሚያደርስ እውነት ስላለ ነው ብዬ አምናለሁ። ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ጸሎቱ ይለያይ ነበር።

ወደ ደሴ ስንመለስ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣን ለእኅቴ ልጅ ስለ ቦራ አወራሁለት። «አያቴ ከዚያ በኋላ ሥጋ በልተው ያውቃሉ?» አለኝ። በልቷል፤ በየፋሲካው በልቷል። የቦራን ግን አልቀመሰም። ይህ ለልጁ በቂ መልስ አልሆነለትም፤ ሊሆንለትም አይገባም።

የሚያሳዝነኝ ተረቱ ዛሬ የሚውልበት ቦታ ነው። ሸሪኩ ገንዘቡን የበላበት ነጋዴ ለሽምግልና ሲቀርብ፣ ባሏ የካዳት ሴት ስታለቅስ፣ አንዱ ብድግ ብሎ «በሬ ካራጁ ይውላል» ይላል። ሁሉም ይስቃል፣ የተበደለው ያፍራል፤ የበደለው እዚያው ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። እባካችሁ፣ ይህን ተረት ስትተርቱ ፊታችሁን ወደ እርሱ አዙሩ።