እጁ ከሰይፉ ጋር ተጣበቀ

ባለፈው እሁድ ስብከቱ ሲያልቅ መድረክ ላይ የነበረው ወንድም «በውትድርና ያገለገላችሁ እስቲ ቁሙ፣ እናክብራችሁ» አለ። ሰባት ስምንት ሰው ቆመ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከእኔ ሁለት ወንበር አለፍ ብለው የነበሩ አንድ ጋሼ መቆሙን ቆሙ፣ ግን ጭብጨባው ድንገት ሲፈነዳ ከፊታቸው ያለውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ያዙት። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላም አልለቀቁትም። ትንሽ ቆይተው፣ መዝሙሩ ሳይጀመር፣ በጎን በኩል ቀስ ብለው ወጡ።

እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገር ያደረግን መስሎኝ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ 2ኛ ሳሙኤል 23ን ከፈትኩ። ምዕራፉ በዳዊት የመጨረሻ ቃል ነው የሚጀምረው። ከዚያ የሚከተለው ደግሞ የወታደሮቹ ስም ዝርዝር ነው። እከሌ የእከሌ ልጅ፣ እከሌ የእከሌ ልጅ ይላል፣ እስከ መጨረሻው። እንዲህ ስም ሲበዛ ብዙዎቻችን ገጹን እንገልጣለን፣ እኔም ስንት ዓመት ገልጬ አልፌዋለሁ። የዚያን ማታ ግን ቁጥር 10 ላይ ቀረሁ።

አልዓዛር የሚባል ሰው ነው። የእስራኤል ሰዎች ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ እሱ ቆመ። እጁ እስኪደክምና ከሰይፉ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ፍልስጥኤማውያንን መታ ይላል። በዚያ ቀን እግዚአብሔር ታላቅ ድል ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተመለሰ። ለምን ተመለሰ? ለመግፈፍ ብቻ!

ይቺ «ብቻ» የምትለው ቃል ናት ያስቀመጠችኝ። ሰውዬው እዚያው ቆሟል። እጁ አልከፈት ብሎታል፣ ደሙ ደርቆ ይሁን ጅማቱ ተኮማትሮ አናውቅም። ሕዝቡ በአጠገቡ እያለፈ ከሬሳ ላይ ልብስና ጦር ይለቅማል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀለት ማን ነው? ውኃ ያፈሰሰበትስ? መጽሐፉ ዝም ይላል።

ወገኖቼ፣ እኛ ለመግፈፍ ከተመለሱት ነን ብዬ እፈራለሁ። የድሉን ሰላም ለብሰናል፣ በልተናል፣ ተኝተንበታል። ለወታደሩ የምንመለሰው ታሪኩን ስንፈልገው ነው። ሰባኪው ለምሳሌ ይፈልገዋል። ተከራካሪው ለክርክሩ ይጠቅሰዋል። ሌላው ሜዳሊያውን አስደርጎ አጠገቡ ፎቶ ይነሳና ይለጥፈዋል። ይሄ ሁሉ መግፈፍ ነው፣ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። ሰውየው ግን ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ፣ አሁንም በሩን ሳያይ አይቀመጥም፣ ሌሊት መብራት ሳይበራ አይተኛም፣ ልጅ ፊኛ ሲያፈነዳ ላብ ያጠምቀዋል። እጁ ከሰይፉ አልተላቀቀማ!

የባሰው ደግሞ የእኛው የአማኞቹ ነገር ነው። እንቅልፍ አጣሁ ሲል «እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ» እንለዋለን። ደነገጥኩ ሲል መንፈስ ነው እንለዋለን። እስቲ አሁን አልዓዛር እጁን ዘርግቶ ቢመጣ «በእምነት ክፈተው» ልንለው ነው? የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ይህን ከጦርነት የሚተርፍ የአእምሮ ቁስል (ፒቲኤስዲ ይሉታል) በበሽታ ዝርዝራቸው ውስጥ በራሱ ስም ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሕመሙ ግን ከዚያ በፊትም ነበር። አብራችሁት ጸልዩ፣ ሐኪም ዘንድም አብራችሁት ሂዱ፣ ወረፋውን አብራችሁት ጠብቁ።

አሁን የማልዘለው አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ወታደር የሚከብደው ያየው ነገር አይደለም፣ ያደረገው ነው። ጭብጨባ ሲሰማ አንገቱን የሚደፋው ለዚህ ነው። ዘኍልቍ 31፥19ን አንብቡት። ከጦርነት የተመለሱት፣ ሰው የገደለም ሬሳ የነካም፣ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቆዩ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እንዲነጹ ታዘዋል። ከግንባር በቀጥታ ወደ ቤት መግባት አልነበረም። ለመመለስ ጊዜ ተሰጣቸው። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስም በጦርነት የገደለን አባቶች እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጠሩትም ካለ በኋላ፣ ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መክሯል። ሰው ይህን ሲሰማ ጭካኔ ይመስለዋል። እኔ ግን ርኅራኄ ነው የማይበት። «ገዳይ ነህ» ብሎ አላባረረውም፣ «ምንም አልሆነም» ብሎም አልሸነገለውም። የተሸከመው ነገር ክብደት እንዳለው ከልቡ አምኖለታል።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ወታደር ከሆንክ፣ ዳዊት ራሱ ወታደር ነበር። ብዙ ደም አፍስሰሃልና ቤቴን አትሠራም ተብሏል (1ኛ ዜና 22፥8)። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ከእግዚአብሔር ፊት አልተጣለም። «ከደም አድነኝ» ብሎ የጸለየው እሱ ነው፣ ሃምሳ አንደኛው መዝሙር ላይ። ያቺን ጸሎት ተዋሳት። የራስህ ቃል ሲጠፋ የእሱ ይበቃሃል።

ደግሞ «እኔ እኮ አልተኮስኩም፣ ሾፌር ነበርኩ፣ ወጥ ቤት ነበርኩ» ብለህ ከቆሙት ጋር ያልቆምክ ትኖራለህ። ደክመው ከዕቃው ጋር የቀሩት ሁለት መቶ ሰዎች እኩል ይካፈላሉ ያለው ዳዊት ነው፣ ሥርዓትም አድርጎ አቆመው (1ኛ ሳሙ. 30፥24-25)።

ወደ ምዕራፋችን ልመለስ። እዚያው ላይ ያ የምንወደው ታሪክ አለ። ዳዊት ዓዶላም ዋሻ ሆኖ የቤተልሔምን ውኃ ተመኘ። ሦስት ሰዎች የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው ቀዱለት። እሱ ግን አልጠጣም፣ ነፍሳቸውን የጣሉ የእነዚህ ሰዎች ደም ነው ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ምን ያህል ጊዜ ሰብከነዋል! ያልሰበክነው የምዕራፉን መጨረሻ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው «ኬጢያዊው ኦርዮ» በሚል ስም ነው፣ በጠቅላላው ሠላሳ ሰባት። ኦርዮ! ታቦቱና ጓዶቼ በድንኳን ተቀምጠው እኔ ቤቴ አልገባም ያለው ወታደር። ለሦስቱ ሲል ውኃ ያፈሰሰው ያው የዳዊት እጅ የዚህን ሰው የሞት ደብዳቤ ጻፈ፣ ደብዳቤውንም በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። መጽሐፉ ይህን ሊሸፍንለት አልፈለገም። ስሙን መጨረሻ ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይረሳ። እሁድ የሚያጨበጭብ እጅ ሰኞ ቢሮ ቁጭ ብሎ የአንድ አካል ጉዳተኛ ወታደር ጉዳይ ሲያመላልስ ስመለከት ኦርዮ ትዝ ይለኛል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ የሚመለከተው ያውቀዋል።

ረቡዕ ዕለት ጋሼን ሄጄ አየኋቸው። እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። «ስለ እሁዱ ይቅርታ» አልኩ። «ምን አጠፋህ ልጄ፣ ድምፁ ነው» አሉኝ። ጀግንነታቸውን ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ያቺ «ለመግፈፍ ብቻ» የምትለው ያዘችኝ። «አጠገብዎ የነበሩት እነማን ነበሩ?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩ፣ ከነአባት ስም። አንዱ ይዘፍን ነበር፣ አንዱ ጫማ ጠበበኝ እያለ ሁልጊዜ ያማርር ነበር። አራቱን በማስታወሻዬ ጻፍኩ፣ እንድንጸልይላቸው። አምስተኛው አልመጣላቸው አለ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው እየመቱ «ጓደኛዬ እኮ ነው፣ እንዴት ስሙ ይጠፋኛል» አሉ። ተውት አልኳቸው፣ ተሰናብተን ተለያየን።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ሰላምታም አላስቀደሙ፣ ስሙን ብቻ ነገሩኝና «ጻፍከው?» አሉኝ።