«በማስረጃ የተደገፈ ነርሲንግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ጥናት ማንበብ ብቻ ይመስለዋል። ማንበቡስ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ጥናቱ ያረጋገጠውን በየዕለቱ ሥራ ላይ ማዋል ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ፀጉር መላጨትን እንውሰድ። ምላጭ ቆዳ ላይ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ይተዋል፤ ጀርም እዚያ ይራባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ፀጉሩ የግድ መነሳት ካለበት በመቁረጫ ማሽን እንጂ በምላጭ አይሁን ብሏል።

ታዲያ ምላጩ ከመሳቢያው ለምን ጨርሶ አይወገድም? የትግበራ ጥናት፣ ማለትም የተረጋገጠ ነገር በተግባር እንዴት እንደሚውል የሚመረምረው ጥናት፣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዋ «የቱ ይሻላል?» አትልም፤ እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ቻርጅ አለው ወይ? ማን ያጸዳዋል? አዲሷ ነርስ አለቃዋን «ምላጩ ይቅር» ለማለት ትደፍራለች? የምትጠይቀው ይህንን ነው። ሁሉንም በስልጠና እንፍታው የሚለው ነገር እኔን ብዙም አያሳምነኝም። የሚያውቅም ሰው ማሽኑን ካጣ በለመደው ይሠራል።