«ሠራተኛ ትኩረት ብቻ ነው የሚፈልገው» እና ሌሎች የሥልጠና አዳራሽ ወሬዎች

የሰው ኃይል አስተዳደር ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር፣ ገና መግቢያውን ሳልጨርስ አንድ ሥራ አስኪያጅ እጁን ያወጣል። «ሃውቶርን አረጋግጦታል እኮ! ትኩረት ከሰጠኸው ደመወዝ ባትጨምርለትም ያመርታል።» ሰለቸኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን እንገላገል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ፕሮፌሰር ሃውቶርን እንዳሉት…» እንዲህ የሚባል ፕሮፌሰር የለም። ሃውቶርን ቺካጎ አጠገብ ሲሴሮ የነበረ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ነው፤ የስልክ መሣሪያ ያመርት ነበር።

«የማስሎው ፒራሚድ።» የሰውን ፍላጎት በደረጃ የደረደረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማስሎው በ1943 ጽሑፉ ላይ ፒራሚድ የሚባል ነገር አልሳለም። በኋላ ሌሎች ሳሉለት።

«ፎርድ ለሠራተኛው አዝኖ በቀን 5 ዶላር ከፈለ።» በ1913 ሠራተኛው እየለቀቀ አስቸግሮት ነበር፤ የዓመቱ ፍልሰት (በዓመቱ የለቀቀው ከጠቅላላው ሠራተኛ ጋር ሲነጻጸር) 370 በመቶ ገደማ ደርሷል። በ1914 የመጣው 5 ዶላርም ግማሽ ያህሉ «የትርፍ ድርሻ» ተብሎ የሚሰጥ ነበር፤ እሱን ለማግኘት የኩባንያው መርማሪ ቤትህ ድረስ መጥቶ ጽዳትህን፣ መጠጥህንና ቁጠባህን ማየት ነበረበት። ርኅራኄ ከተባለም ጓዳ ገብቶ የሚፈትሽ ርኅራኄ ነው።

«ሠራተኛን እንደ ሰው ማየት በ20ኛው መቶ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው።» ሮበርት ኦወን ስኮትላንድ ውስጥ ኒው ላናርክ የተባለውን የጥጥ ፋብሪካ ማስተዳደር የጀመረው በ1800 ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቅጠር አቆመ፤ በ1816 ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። የአሜሪካ ጥጥ በተቋረጠ ጊዜም ማሽኑ ቆሞ ለ4 ወር ሙሉ ደመወዝ ከፍሏል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሃውቶርን ፋብሪካ ውስጥ ወደተደረጉት ሙከራዎች። ታሪኩ ሲወራ እንዲህ ነው፦ መብራት ሲጨመር ምርት ጨመረ፣ ሲቀነስም ጨመረ፣ ስለዚህ ምሥጢሩ ትኩረት ነው። የመብራቱ ሙከራ ከ1924 እስከ 1927 የተካሄደ ሲሆን ውጤቱ ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። ስሙን የተከለው ቀጥሎ የመጣው ነው፦ በተለየ ክፍል የስልክ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚገጣጥሙ አምስት ሴቶች። እረፍት ተሰጣቸው፣ የሥራ ሰዓት አጠረላቸው፣ ምርቱ ጨመረ። በ1928 ያ ሁሉ ተነሥቶባቸው ወደ ድሮው ሲመለሱ የሳምንቱ ምርት ከፍ አለ። «አያችሁ!» ይላሉ። አዎ፣ ሰዓቱ ስለረዘመ ነዋ! በሰዓት ሲሰላ ቀንሷል።

ሥልጠና ላይ የማይነገረው ደግሞ ይኸውና። ድሮ የቦነሳቸው ስሌት መቶ ከሚሆኑ ሠራተኞች ጋር የተደባለቀ ነበር፤ ሙከራው ውስጥ ግን ለአምስቱ ብቻ ሆነ። አንዷ ስትፈጥን ኪሷ ውስጥ ይታያል። ወሬ አበዙ፣ ምርታቸውም ዝቅ አለ የተባሉ ሁለት ሴቶችም በ1928 መጀመሪያ ተነሥተው በሌሎች ተተክተዋል። ይኼ ሁሉ ተዘሎ ነው «ትኩረት» የሚባለው።

ትኩረት ብቻውን ቢሠራማ ኖሮ በ1931 እና 1932 እዚያው ሃውቶርን የታዩት 14 ወንዶች ተአምር በሠሩ ነበር። ሽቦ የሚያገናኙ፣ የሚበይዱና ሥራውን የሚፈትሹ ነበሩ፤ ተመልካች እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይመዘግባቸዋል። ምርታቸው ንቅንቅ አላለም። የቀኑን ልክ ራሳቸው ወስነዋል፤ ከልኩ ያለፈውን ክንዱ ላይ በቡጢ ያቀምሱታል። ብዙ ካመረትን የቁራጭ ዋጋው (ለእያንዳንዱ ሥራ የሚከፈለው) ይቀንሳል ብለው ይሰጉ ነበር።

አንድ የልብስ ፋብሪካ ሄጄ አይቻለሁ፦ ግድግዳው ላይ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ፎቶ፣ በየወሩ ኬክ፣ ጭብጨባ። ልጆቹ ግን ይለቃሉ። ሰፊዎቹን ቦነሳችሁ እንዴት ነው የሚሰላው ስላቸው አንዷም አታውቅም፤ ፎርማኑም አያውቅም። ሥራ አስኪያጁን ስጠይቀው «ፋይናንስ ነው የሚያውቀው» አለኝ።

እና ሥልጠናዬ ላይ የምትመጡ ሥራ አስኪያጆች፣ ከኬኩ በፊት የቦነሱን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ መግቢያው ላይ ለጥፉ። ሠራተኛው ሲፈጥን የቁራጭ ዋጋ እንደማይነካ በጽሑፍ ስጡት፣ ፈርሙበትም። የሽንት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይቅር። ኬኩን ከዚያ በኋላ ግዙ፤ እኔም እበላለሁ።